ግማሽ ብርጭቆ ሻይ

የሁሉም ሻይ ሙሉ ነበር፤ የእሷ ብቻ ግማሽ። ነገሩን ልብ ያለችው ዛሬ ጠዋት ነው እንጂ መቼ እንደተጀመረ እግዜር ይወቀው። እናቷ የራሷን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላች፤ የታላቅ ወንድሟንም እንደዚያው ሞላች፤ እሷ ጋ ስትደርስ ግን ማንቆርቆሪያውን ቶሎ ቀና አድርጋ ወደ ምድጃው መለሰችው። ወንድሟ ዳቦውን እየቆረሰ ስለ ቲማቲም መወደድ ያወራል፤ እናቷ የቲማቲሙን ጉዳይ ከእሱ ይልቅ ታውቀዋለችና እያረመች ትመልስለታለች። እሷ ደግሞ ግማሹን ብርጭቆ በሁለት እጇ ይዛ ታየዋለች። እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ሻዩም አብሮ ተናወጠ፤ ግን ከብርጭቆው ወገብ በላይ ሊዘል አልቻለም። ያን ጊዜ ገባት። ተማክረው ሊሆን ይችላል፤ ሳይማከሩም ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ቤት ብዙ ነገር የሚወሰነው አፍ ሳይከፈት ነው። የጠረጴዛው ልብስ ላይ የሻይ ጠብታ መታየት ካቆመ ሰንብቷል፤ እሷ ሞኟ እጄ ተሻለው ብላ ስትደሰት ነበር የከረመችው።

«እማዬ፣ ሻዩ አለቀ እንዴ?» አለች።

«ኧረ ሞልቷል። እንዳይቀዘቅዝብሽ ብዬ ነው፤ ጥቂት ጥቂት እየተቀዳ ሲጠጣ ይሻላል።»

«የእናንተ አይቀዘቅዝም?»

እናቷ ምድጃውን መወልወል ጀመረች። ወንድሟ ቲማቲሙን ትቶ ወደ ሽንኩርቱ ዋጋ ተሻገረ። ልትቆጣም ፈለገች፣ ልትስቅም ፈለገች፤ ደግነት በጓዳ በር ሲገባ ሰው ምን እንደሚሰማው ግራ ይገባዋል። ስለዚህ እንቁላሏን በላች። እንቁላሉ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ነጭ ሽንኩርት ተነስንሶበት፣ ቃሪያ ተከትፎበት ነበር፤ ያልገባበት ነገር ቢኖር ጨው ብቻ ነው። እናቷ የደም ግፊት አለብሽ ከተባለች ወዲህ ቤቱ እንዲህ ነው የሚበላው። ሐኪሙ የከለከለው እናትየዋን ብቻ ነበር፤ ልጅቷ ግን «እናቴ ብቻዋን ጣዕም የሌለው ስትበላ እኛ ፊቷ ተቀምጠን አናጣጥምም፤ አንድ ቤት፣ አንድ ድስት» ብላ የጨዉን ጠርሙስ ከነክዳኑ ለጎረቤት ሰጠችው። ወንድሟ ያን ዕለት ፊቱ ጥቁር ቢልም ቃል አልተነፈሰም። አሁን ብርጭቆዋን አስቀመጠች፤ ወንድሟም በሩ ላይ ሲደርስ ሳይዞር «ከሰዓት በኋላ እዚያው እንገናኝ» አላት። እዚያው ማለት የአእምሮ ሐኪሟ ጋ ነው። ቦታውን በስሙ መጥራት እዚያ ቤት አልተለመደም።

የኬክ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሥራዋም ኬክ ላይ መጻፍ ነው። መልካም ልደት፣ እንኳን ደስ አላችሁ፣ እንወድሃለን አባባ፣ የመሳሰለውን ሁሉ። በዚህ የተነሣ ሰዉ የሚጠራት ጸሐፊዋ እያለ ነው፤ አዲስ ጎረቤቶች ቢሮ የምትሠራ እየመሰላቸው ማመልከቻ ጻፊልን ብለው ደጇን ያንኳኩ ነበር። ክሬሙን ከረጢት ውስጥ ትሞላለች፤ ጫፉን ከኬኩ ትንሽ ከፍ ታደርጋለች፤ ትንፋሿን ትይዝና ፊደሉን ባንድ ጊዜ ታሳርፈዋለች። ክሬም እርሳስ አይደለም፤ አንዴ ከወረደ ወረደ። እጇ መንቀጥቀጥ ሲበረታበት የኬክ ቤቱ ባለቤት ከሥራ አላባረሯትም፤ ካርቶን ማጠፍና ሪባን ማሰር ላይ መደቧት። ሪባን ለሚንቀጠቀጥ እጅ ይራራለታል። «እጅሽ እስኪያርፍ ነው» አሏት ባለቤትየዋ፤ እሷም «እሺ እትዬ» ብላ አንገቷን ደፋች። ዛሬ ጠዋትም ካርቶን ስታጥፍ ሐሳቧ ያለው ከሰዓት በኋላ ከሚሆነው ላይ ነበር። ባለፈው ቀጠሮ ዶክተሯ «ደም ስጪና ውጤቱን እንየው፤ እጅሽ እንዲህ ከቀጠለ መድኃኒቱን ስለ መቀየር ማሰባችን አይቀርም» ብለዋታል። ደሙን ሰጥታለች። የቀራት የዶክተሯን ቃል መስማት ነው።

ይህ መድኃኒት የተገኘው በስንት ፍለጋ ነው። የመጀመሪያው ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ ያስተኛት ነበር። ሁለተኛው እንቅልፏን አስተካክሎ የምግብ ፍላጎቷን ከፈተው፤ ልብሶቿ ሁሉ ጠበቧትና ለአክስቷ ልጆች ተከፋፈሉ። ሦስተኛው ይህ ሊቲየም የሚባለው ነው፤ እሱ ሲመጣ ራሷን ለራሷ መለሰላት። ከዚያ በፊት ሕመሙ መንፈሷን ከፍ ያደረገው ጊዜ የኬክ ቤቱን በር በርግዳ ለአላፊ አግዳሚው ኬክ እየዘፈነች አድላለች፤ ዝቅ ያደረገው ጊዜ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ እናቷ ጸጉሯን አልጋው ላይ እንዳለች በሳፋ ታጥብላት ነበር። አሁን ግን ይኸው ስንት ዓመት፣ ሲመሽ ትተኛለች፣ ሲነጋ ትነሣለች። ይህ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ላላጣው ሰው ማስረዳት አድካሚ ስለሆነ ትታዋለች። እና መድኃኒቱ ይቀየር ከተባለ ያ ሁሉ ፍለጋ እንደገና ሊጀመር ነው፤ አይቀየር ከተባለ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ሪባን ልታስር ነው። ሁለቱንም አትፈልግም።

ረፋዱ ላይ አንድ አዛውንት ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ግራ ቀኙን አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሚስታቸው ኬክ እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ላዩ ላይ «ይቅርታ» ተብሎ ይጻፍልኝ አሉ። ባለቤትየዋ ጸሐፊዋ ካርቶን ላይ ከዞረች ወዲህ የሚሰኩ የፕላስቲክ ጽሑፎች ገዝተው ነበር፤ ሣጥኑን አገላብጠው ቢፈልጉት ይቅርታ የሚል የለም። ፋብሪካው ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም። «መልካም ልደት ቢሆንስ?» አሉ ባለቤትየዋ።

«በማይሆን ቀን መልካም ልደት ብዬ ብገባማ ጨርሶ ማበዴ ነው» አሉ አዛውንቱ።

ባለቤትየዋ ጸሐፊዋን አዩዋት። ጸሐፊዋ ካርቶኑን አስቀመጠች፤ እጇን ታጠበች፤ ከረጢቱን ሞላች። ግራ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ ቀኟን በግራዋ ይዛ፣ ትንፋሿን ቆልፋ ጀመረች። የመጀመሪያው ፊደል እንደ ምንም ቆመ። ሁለተኛው እግሩ ታጠፈ። «ታ» ላይ ስትደርስ ቃሉ በሙሉ ብርድ የመታው ሰው መስሎ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፊቷ ቀላ፤ ቢላዋ አንሥታ ልትፍቀው ስትል አዛውንቱ እጃቸውን ዘረጉ። «ተዪው፣ ተዪው ልጄ» አሉ፤ አጎንብሰውም መረመሩት። «እኔን ራሴን ነው የሚመስለው። የፈራ ሰው ጽሑፍ ነው። አሳምረሽ ብትጽፊው ኖሮ አታምነኝም ነበር።» ካርቶኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው ወጡ። ባለቤትየዋ ወደ ጓዳ ገብተው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ጸሐፊዋም ሳቀች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። የምትፈልገው እየፈራ የሚጽፍ እጅ አይደለም።

ሐኪም ቤቱ መተላለፊያ ላይ ወንበሮቹ እርስ በርስ በብረት ተያይዘዋል፤ አንዱ ሰው ሲነሣ ሁሉም ይነቃነቃል። ከፊት ለፊት ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን ስለ አየር ሁኔታ ያወራል። ወንድሟ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ የመሣሪያ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ስለ አዛውንቱ ነገረችው፤ ሳቀ። ስለ ግማሹ ብርጭቆ ግን አልነገረችውም፤ እሱም አላነሣም። ሁለቱም የአየር ሁኔታውን አብረው አዩ። እዚህ ቦታ ከእሷ ጋር መምጣት የጀመረው ያኔ ኬክ እየዘፈነች ያደለች ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ለምን እንደሚመጣ ግን ተነጋግረውበት አያውቁም።

ዶክተሯ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሴት ናቸው። «እጆችሽን ዘርጊልኝ» አሏትና ጣቶቿ ላይ አንድ ነጭ ወረቀት አኖሩ። ወረቀቱ ይንሿሿ ጀመር። «ከስድስት ወር በፊት ይህ ወረቀት ዝም ብሎ ነበር» አሉ፤ «ዛሬ ወሬኛ ሆኗል።» ከዚያ ወደ ኮምፒዩተራቸው ዞሩ፤ ዓይናቸውን አጠበቡ፤ መነጽሩን አወረዱት። ደሟ ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን ከወትሮው ከፍ ብሏል። የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ግን ከሚፈለገው ጣሪያ አልፏል፤ እጇንም የሚያንቀጠቅጠው ይኸው ነው።

«ክኒን ጨምረሽ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ረስተሽ ደግመሽ ወስደሽ እንደሆነስ?»

«ሣጥኗ በየቀኑ የተከፋፈለች ናት ዶክተር። እማዬም በዓይኗ ትቆጥራለች።»

ዶክተሯ ውሃ በደንብ ትጠጣ እንደሆነ፣ ተቅማጥ ወይም ማስመለስ ይዟት እንደሆነ፣ ለራስ ምታት ወይም ለወገብ ማስታገሻ ወስዳ እንደሆነ፣ ሌላ ሐኪም አዲስ መድኃኒት አዞላት እንደሆነ ጠየቁ። ምንም የለም። የምድጃው ሙቀት ያልብሻል ወይ አሉ፤ ምድጃው ድሮም የነበረ ነው። ዶክተሯ ብዕራቸውን ጥርሳቸው ላይ አድርገው ውጤቱን እንደገና አነበቡ። መጠኑን መቀነስ እንደሚቻል፣ ግን ስንት ዓመት ያቆማት ይህ መጠን በመሆኑ እንደሚሳሱ ነገሯት፤ መቀየርም ይቻላል፣ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ከሁሉ በፊት ግን ደምሽ ውስጥ ያለው መጠን ለምን ከፍ እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ አሉ። «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለው ጠየቋት። እሳቸው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ማዘዣ ጽፈው አያውቁም፤ የምትወዳቸውም ለዚህ ነው።

«ሁለቱንም ነው የምፈልገው» አለች ጸሐፊዋ። «ጭንቅላቴንም እጄንም። ይበዛብኛል?»

«አይበዛብሽም» አሉ ዶክተሯ። «እንግዲያው እንፈልገዋለን። ቤት ውስጥ ምን ተለወጠ?»

«ምንም።»

«ከምግቡ በቀር» አለ ወንድሟ፣ ለሣጥኑ እንደሚነግረው ሁሉ አቀርቅሮ።

ዶክተሯ ወደ እሱ ዞሩ። ሰሚ አግኝቶ የማያውቅ ብሶት ሰሚ ሲያገኝ እንደሚሆነው ሆነ። «የታመመችው እናታችን፣ የምንቀጣው ሁላችን ነን ዶክተር» ብሎ ጀመረ። የግፊቱን ነገር፣ የአንዱን ድስት ነገር፣ እህቱ ጨዉን ከቤት እንዴት እንዳባረረችው፣ ሎሚ የማይጨመቅበት ነገር ሻዩ ብቻ መሆኑን ሁሉ ዘረገፈው። ጸሐፊዋ አፍራ ጉልበቱን ቆነጠጠችው። ዶክተሯ ግን ብዕራቸውን አስቀምጠው ነበር።

«ጨው ጨርሶ አትበዪም?»

«አንዲት ቅንጣት» አለች ጸሐፊዋ፤ በዚህ እንኳ ኩራት ይሰማት ነበር። «ሥራ ቦታም ምሳዬን ከቤት ነው የምወስደው።»

«እጅሽ የባሰበት ጨዉን ካቆምሽ በኋላ ነው በፊት?»

አሰበች። ጠርሙሱን ለጎረቤት በሰጠችበት ሰሞን ለጎረቤቷ ልጅ የልደት ኬክ ላይ ራሷ የጻፈችው ጽሑፍ ትዝ አላት፤ ቀጥ ያለ፣ ያማረ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ፊደሎቿ አንድ በአንድ መታመም የጀመሩት። «በኋላ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ዶክተሯ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡና አስረዷት። ኩላሊት ጨውንና ይህን መድኃኒት ለይቶ ለማየት ዓይኑ ደካማ ነው አሉ። ጨው ያጣ እንደሆነ ያገኘውን እንዳያመልጠው ይይዛል፤ ሲይዝም መድኃኒቱን አብሮ ያስቀረዋል። ክኒኑ አልጨመረም፤ መውጫው ነው የጠበበው። «ስለ ውሃ ጠየቅሁሽ፣ ስለ ማስታገሻ ጠየቅሁሽ፤ ስለ ጨው መጠየቅ የነበረብኝ ገና ባለፈው ነው» አሉ። «አንቺም የምግብሽን እንዲህ ያለ ለውጥ ሳትነግሪኝ አትጀምሪ። ተስማማን?» መድኃኒቱ አይቀየርም። ለአንድ ሳምንት ከማታው ክኒን ላይ ትንሽ ይቀነሳል፤ ጨው እንደ ድሮዋ ትበላለች፣ እንደ ድሮዋ ብቻ፣ እልህ ተጋብታ አይደለም፤ ከዚያ ደሟ እንደገና ይታያል። ካስመለሳት ወይም መራመድ ካስቸገራት ቀኑን ሳትጠብቅ ትመጣለች። እናቷ ግን ጨዉን እንዳትነካው፤ ሁለት ድስት ይጣድ። «እጅሽ እንደ ድንጋይ ይረጋል ብዬ አልምልልሽም» አሉ፤ «ወደ ነበረበት ይመለሳል ብዬ ግን አምናለሁ።» ጸሐፊዋ ራሷን ደጋግማ ነቀነቀች። ዶክተሯ ወደ ወንድሟ ዞሩና «አንተስ ይህን ያህል ጊዜ እንዴት ቻልከው?» አሉት። ወንድምየው ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ የመሣሪያ ሣጥኑን ከፈተና ከፊውዞቹ መሐል አውራ ጣት የምታክል ጠርሙስ አወጣ። እስከ ግማሿ ጨው አለባት። ዶክተሯ መነጽራቸው እስኪወድቅ ድረስ ሳቁ።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። «ለእማዬ አንነግራትም» አለ ወንድሟ፤ «በእኔ የተነሣ ነው ብላ ራሷን ትበላለች። እኔ ዝም ብዬ ማታ ማታ ሳህንሽ ላይ አደርግልሻለሁ።» ጸሐፊዋ በመስኮቱ አየች። መንገዱ ዳር ሰዎች ከሥራ እየወጡ፣ ሱቆች መብራት እያበሩ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እንደ ግማሹ ብርጭቆ መልካም ነው። እሷ እጄ ተሻለው ብላ የተደሰተችባቸውን ጠዋቶች አሰበች። የእጇ ምክንያትም ቢሆን የታወቀው አንድ ሰው ምግብ አስጠላኝ ብሎ አፉን ስለከፈተ ነው። «እነግራታለሁ» አለች።

እራት ላይ የምስር ሾርባ ነበር፤ ሎሚው ከሩቅ ይሸታል። እናቷ ጨልፋ ሳትቀመጥ ጸሐፊዋ ነገረቻት፤ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት፤ ቦታውንም በስሙ ጠራችው። እናቷ ጭልፋውን እንደያዘች ቆመች።

«በእኔ ጦስ ነው በይኛ» አለች በመጨረሻ።

«በአንቺ አይደለም። ጨዉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደግሞም ተገኝቷል እማዬ። ይመለሳል ብለውኛል።»

እናቷ ጭልፋውን አስቀመጠችና ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ልጆቹ ተያዩ። ወንድሟ ሊከተላት ብድግ ሲል ከጎረቤት ተመልሳ ገባች፤ የድሮውን የጨው ጠርሙስ ከነክዳኑ ይዛለች። «ሴትዮዋ አጋምሳዋለች» አለች እየተናደደች፤ ከጸሐፊዋ ሳህን አጠገብ አስቀመጠችው። ለራሷ የተጨለፈውን ራቅ አድርጋ፣ እጇን ከጠርሙሱ ሰብስባ ተቀመጠች፤ ዓይኗ ግን የድሮ ወዳጅ እንዳየ ሰው ተመልሶ ተመልሶ ይሄድበት ነበር። ወንድምየው በዚህ ሁሉ መሐል መሸሸግ ከበደው መሰለኝ የራሱን ጠርሙስ አውጥቶ ከጎኑ አቆማት። እናቷ ጠርሙሷን አየቻት፤ ልጇን አየችው። «እኔ እኮ ሥራው ተስማምቶት ነው ፊቱ የፈካው እል ነበር» አለች። መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ናት። ጸሐፊዋ እንደ ድሮዋ ቆንጥራ ሾርባዋ ላይ ነሰነሰች፤ ጨዉ ጥቂቱ ሳህኑ ውስጥ፣ ጥቂቱ ጠረጴዛው ላይ ሆነ። ቀመሰችው። ምስር እንዲህ እንደሚጥም ረስታው ኖሯል።

ሻዩ መጣ። እናቷ የራሷን ሞላች፣ የወንድ ልጇን ሞላች፤ የጸሐፊዋ ላይ ስትደርስ እጇ እንደለመደው ወገቡ ላይ ቆመ። ጸሐፊዋ ብርጭቆውን ወደ እናቷ መልሳ ገፋችው።

«ሙሉ አድርጊው እማዬ።»

«ይፈሳላ» አለች እናቷ። እዚያ ቤት ይህ ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነው።

«ይፍሰስ።»

እናቷ ልጇን ትንሽ አየቻት፤ ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አዘነበለችና እስከ አፉ ሞላችው። ጸሐፊዋ በሁለት እጇ አነሣችው። ሻዩ ከጠርዙ ዘለለ፣ በጣቶቿ ላይ ወረደ፣ የጠረጴዛውን ልብስ አራሰው። እናቷም ወንድሟም ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አላነሡም፤ እስክትጠጣው ድረስ እያዩዋት ቆዩ። ስለ ቲማቲም ያወራ ሰው አልነበረም።